ስሊፕ

ከዚራ፣ ማታ ነው፤ ሙቀቱ አልበረደም፣
ማራገቢያው ቆሟል፤ ጠጋኝ የሚባል የለም።
ሰሌዳው ላይ ጻፍኩኝ የስህተትን ስሞች፣ አንድ በአንድ በተራ፣
የእንግሊዝ ሰው ሲስት እንኳ መደብ አለው፣ እያልኩኝ በጎራ።

«ሚስቴክ ማለት» አልኩኝ፣ «እያወቁት መሳት፤
ኤረር ግን፣ ያልተማሩትን በግምት መፍታት።
ስሊፕ ትንሿ ናት፤ ጣት ሲያዳልጥ፣ አፍ ሲያመልጥ፣
እርሳስ ይዞ ሳለ ልብ ገበያ ሲሮጥ።»

«ብለንደር» ብዬ ስጽፍ፣ «አቦ ቲቸር!» አለ ዚያድ፣
ባጃጁን ደጅ እንደ በቅሎ አስሮ የሚማር፣ የማያልቅበት ቀልድ፤
«እሱማ መጋላ አለ፣ ከነጂባ ጁስ ቤት፣
ማንጎ ከአቮካዶ የሚንገላታበት!»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ።
ከኋላ ወንበር ግን አንድ ፊት እንደደረቀ።

ወይዘሮ ረምላ ናት፤ ታይዋን ላይ ሽርጥ ትሸጣለች፣
የልጅ ልጄን የቤት ሥራ ላግዝ ብላ ነበር የተመዘገበች።
ድምጿን ሳታነሣ፣ ከወንበሯ ሳትነሣ፣

«ልክ ነህ» አለችው፣ «ልክ ነህ ልጄ። ደቻቱ ሲመጣ
ቤቱን ከፍየሉ፣ ሳጥኑን ከሰዉ ነው ያማታ፣
እንዲያ አሽከርክሮ፣ ሁሉን አንድ መልክ ያወጣ።

ያን ዕለት ድሬ ላይ ጠብታ አልወረደም፤
ደመናው ደንገጎ ነበር፣ እኛ ጋ ሰማዩ ቅጭም አላለም።
ወንድሜ ነስሩ መጣ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከሱቁ ወደ ቤቴ፣
‹ወንዙ ዳር ፈራሁ፤ ዛሬ እዚህ ልደር› ሲል፣ ‹እህቴ›።
እኔ ምን አልኩት? ‹አሸዋ ነው፤ ደረቅ ነው፤ ምን ያስፈራሃል?
ሂድ ተኛ፣ ዕቃውን ጠብቅ፤ ሌባ እንጂ ውሃ ምን ይሰርቅሃል?›

ሌሊት ነው የመጣው። የቀረውን ድሬ ያውቀዋል።
የሰው ሬሳ ተገኘ፣ ተቀበረ፤ የኔ ‹ጠፋ› ይባላል።

በአማርኛማ አውቀዋለሁ፤ ጥፋት ነው፣ ጥፋቴ፤
ግን ቃሉ ከ‹ጠፋ› አይደል? በጠራሁት ቁጥር ዳግም ይጠፋል ከፊቴ።
እስቲ ካለሽ ስጪኝ፣ ቲቸር፣ ሌላ ቃል፣
ማንንም ሳያጠፋ የኔ መሆኑን የሚል።»

ምን ልበላት? ሰሌዳው ላይ አራት ቃል፣ አራት አጥር።
«ሚስጃጅመንት» ልል ነበር፣ ረጅም፣ ጥርስ የሚያስቆጥር፤
ተውኩት። እንደ ዳኛ ማኅተም ከበደኝ።
ዚያድ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል፤ ቀና ብሎ አላየኝ።

በየቃሉ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ብዬ ነበር፣ አንዳንድ።
ሐሙስ፣ ሳቢያን፣ መስኮት ከፍቼ ለነፋሱ መንገድ፣
ደብተር ሳርም፣ የረምላ ገጽ ባዶ፣ ከአንዲት መስመር በቀር፤
ፊደሏ ትልልቅ፣ እየወጣ እየገባ፣ ከመስመር የማይሰምር፦
«አይ ቶልድ ሂም፣ ስሊፕ።»
አንድ የሚበቃው ቦታ ሁለት ‹ኢ› አስገብታ፣
ያችን ትንሽ ማዳለጥ እንቅልፍ አድርጋታ።

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ።
ልክ ነው አይባል፤ የተሰጣት ቃል ይህ አይደለም፤
ስህተት ነው አይባል፤ በደብተሩ ሁሉ ከዚህ የቀና የለም።
ከደንገጎ ወገን ድምፅ የሌለው መብረቅ፤
እዚህ አስፋልቱ ይግላል፤ ደቻቱ እንዳለ ደረቅ።
ክዳኑን መለስኩበት።

ማክሰኞ ደብተሯን ስሰጣት ገልጣ አየች፤
«ይህቺን ዘለልሻት ቲቸር፤ ቀይ የላትም» አለች።

«ጥፋቴ ነው» አልኩኝ።
አፌ ነው፤ አመለጠኝ።

ማራገቢያው እንደቆመ ነው። ዚያድ አንዴ ሳለ።
እሷ መዳፏን ገጹ ላይ አሳረፈች፣ ቀስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንዳለ።